ሳሎን ያለው ሊኑክስ፦ ምስሉ ቲቪው ላይ፣ ድምፁ ሞኒተሩ ላይ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? አሮጌ ዴስክቶፔ ላይ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን የሊኑክስ ዓይነት) እና ኮዲ (የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም) ጭኜ ሳሎን አስቀመጥኩት። አንዱ ገመድ ቲቪው ላይ፣ ሌላው ትንሿ ሞኒተር ላይ ተሰክቷል። እናቴ ፊልም ስትከፍት ምስሉ በቲቪው ይመጣል፤ ድምፁ ግን ከሞኒተሩ ነው የሚወጣው። የቲቪው ጠርዝም ይቆረጣል። ከሥር ያለው ጽሑፍ ግማሹ አይታያትም። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮዲ የራሱ የድምፅ ምርጫ አለው። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ኦዲዮ ግባና ቲቪው የተሰካበትን ኤችዲኤምአይ ምረጥ።

መልስ፦ ጠርዙን የሚቆርጠው ቲቪው ራሱ ነው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ድራይቨር ስቀያይር ከርሜ መፍትሔው ሪሞቱ ላይ ተገኘ! የምስል መጠን የሚለው ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» ፈልግ።

ጠያቂው፦ ሁለቱም ሠራ፣ ተባረኩ! እናቴ አሁን ጽሑፉን ጮክ ብላ እያነበበች ነው።