ከልብስ ሰፊ የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ ለአረፋና ለአራስ ጥየቃ ስጦታ ይወጣዋል?

የጅሬኗ (ጠያቂ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው። ልብስ ሰፊ የሆኑ ጎረቤታችን ከቀሚስና ከሱሪ የሚተርፋቸውን ብጣሽ ከሚጥሉት ብለው በማዳበሪያ ሞልተው ሰጥተውኛል። አብዛኛው ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ ሲሆን፣ ጥጡ፣ ካኪው፣ የሚያንሸራትተው የገበር ጨርቅና ምንነቱን ያላወቅሁት ሁሉ ተደባልቆበታል። በዚያ ላይ ጉልበታቸው ያለቀ የጂንስ ሱሪዎችና መሐሉ ሳስቶ ጥለቱ ግን ገና ያልደበዘዘ የእናቴ ነጠላ አሉኝ። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ቢኖረኝም ሙያዬ ቀጥ ያለ ስፌት ከመስፋት አያልፍም።

አረፋ እየደረሰ ነው፤ የባለቤቴ እኅትም ቀኗን እየጠበቀች ነው። የገበያውን ዋጋ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላማርርም። ለአማቴ ለበዓሉ፣ ለአራሷ ደግሞ ለጥየቃ ይዤ የምሄደውን ነገር ከዚህ ጨርቅ መሥራት ብፈልግም «ቡቱቶ ሰፍታ አመጣችልን» መባሉን እፈራለሁ። ምን ብሠራ ይሻላል? እንዴትስ ብሰፋው ነው ስጦታ የሚመስለው?

በረንዳው ልብስ ሰፊ

ወዓለይኩም ሰላም፣ እኅቴ። ምን እንደሚሠሩ ከመወሰንዎ በፊት ጨርቁን ይለዩት። ከእያንዳንዱ አንድ ሁለት ክር መዘው በወረንጦ ይያዙና፣ ውኃ ካለበት ሳሕን በላይ ክብሪት ያስነኩት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነኩት ብን የሚል ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ከሆነ ከእሳቱ እየሸሸ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሁለቱንም ካሳየ ድብልቅ ነው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ፣ ፖሊስተር ግን ባለበት ስለሚቀር፣ ሁለቱን ሳያጥቡ ጎን ለጎን ከሰፏቸው ሥራዎ አንዴ ሲታጠብ ይኮማተራል። ስለዚህ ጥጡን አስቀድመው በሙቅ ውኃ አጥበውና ተኩሰው ይቁረጡት።

ትንንሹን ብጣሽ እያንዳንዱን ለየብቻው ለመጠቀም አይድከሙ። ሁሉንም ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አድርገው ቁመቱን ጨርቁ እስከፈቀደ ይተዉትና ጫፍ ለጫፍ ቀጥለው ረጅም ጥብጣብ ያድርጉት፤ ከዚያም ጥብጣቦቹን ጎን ለጎን ሰፍተው አንድ ሰፊ ጨርቅ ሲያወጡ፣ ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ጣቃ ለፈለጉት ነገር ይቆርጡታል። ለስፌቱ 1 ሳንቲ ሜትር ይተዉ፤ እያንዳንዱን መጋጠሚያም ወደሚቀጥለው ከማለፍዎ በፊት ይተኩሱት። በኋላ በአንድ ላይ እተኩሰዋለሁ ማለት አያዋጣም። ስለ ቀለም የግል አስተያየቴን ልስጥ፤ ሦስት ቀለም ይበቃል፣ ከሦስቱ አንዱም ጌጥ የሌለው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡኒ ቢሆን ሌሎቹን ያሳርፋቸዋል።

ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የሚይዝ መኪና) ስለሌለዎት አይጨነቁ። ፊቱንና ገበሩን በመልካም ገጻቸው አጋጥመው ዙሪያውን ይስፉ፣ የእጅ ስፋት ያህል ክፍተት ትተው በዚያ ይገልብጡት፣ ከዚያም ጠርዙን ተኩሰው ከላይ በአንድ መስመር ይዙሩት። የሚተረተር ጫፍ ሁሉ ውስጥ ስለሚቀር ጀርባውም እንደ ፊቱ ንጹሕ ይሆናል። ሰው የተሰፋ ነገር ሲሰጡት መጀመሪያ ገልብጦ የሚያየው ጀርባውን ነው። ለጂንሱ 100 ቁጥር መርፌ ይግዙ፤ ስፌት በስፌት ላይ የሚደራረብበት ቦታ ሲደርሱም መኪናውን በእጅ እያዞሩ ይለፉት።

እመ ብዙኃን

ለአማትዎ ማቶት፣ ማለትም ጀበና የሚቀመጥበትን ክብ ማስደገፊያ ይሥሩላቸው። ጅማ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቤት ስለሌለ ከእጃቸው የማይጠፋ ስጦታ ይሆናል። ከጂንሱ እግር ረጅም ጥብጣብ ቆርጠው እንደ ቱቦ ይስፉት፣ በደቃቁ የተቆራረጠ ጥጥ እየጠቀጠቁ ይሙሉት፣ ጫፎቹን አጋጥመው ክብ ያድርጉት። በደንብ ካልተጠቀጠቀ የጀበናው ክብደት ይደፈጥጠዋል። ጀበና ከከሰል ላይ በቀጥታ የሚወርድ በመሆኑ በልባሱም ሆነ በሙሌቱ ውስጥ ፖሊስተር እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ወንድማችን የነገሩዎት የክብሪት ፈተና እዚህ ላይ በጣም ያስፈልጋል። ቡና መንጠባጠቡ ስለማይቀር ተወልቆ የሚታጠብ ሌላ ልባስ ቢጨምሩለት ደግሞ ይበልጥ ይደሰታሉ።

የነጠላውን ጥለት ለረከቦት ልባስ ጌጥ ያድርጉት። ሲቆርጡት ግን በጥለቱ ጥግ አይሂዱ፤ ከነጩ ሁለት ጣት ያህል ካላስቀሩለት ፈትሉ ይተረተርብዎታል። ያስቀሩትን አጥፈው ከሥሩ ጠንካራ ጥጥ ይደግፉበት።

የነጠላውን የሳሳ ክፍል ደግሞ አይጣሉት። ደራርበው ከሰፉት ፈሳሽ የሚመጥ፣ ለሕፃን የሚለሰልስ የሽንት ጨርቅ ይወጣዋል።

የጅሬኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእናቴን ነጠላ ለሽንት ጨርቅ ማድረጉ ግን ከአንጀቴ አልሆንልሽ አለኝ።

የቆጪ ነርስ

እንግዲያው የሕፃኑ ገላ ማድረቂያ ያድርጉት። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ከአዲሱ ይልቅ ለሕፃን ቆዳ የለሰለሰ በመሆኑ «አሮጌ ነው» የሚለው ስጋት እዚህ ላይ ቦታ የለውም። ከብጣሹም አንገት ላይ የሚታሰር የለሃጭ መቀበያ በርከት አድርገው ይስፉ፤ ፊቱን ጥጥ፣ ጀርባውን የድሮ ፎጣ ቢያደርጉት ወደ ልብሱ ቶሎ አያሳልፍም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ትራስ ወይም ወፍራም የተጣጣፈ ብርድ ልብስ ለአራስ ልጅ መኝታ አይስጡ፤ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሲተኛ እንዲህ ያለው ነገር ፊቱ ላይ ወጥቶ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። አሻንጉሊት ከሠሩም ዓይኑን በክር ይጥለፉት እንጂ ቁልፍ አይትከሉበት። ሙሌቱ ፀሐይ ላይ በደንብ ሳይደርቅ አይዝጉት፤ የጅማን ክረምት ያውቁታል፣ ከውስጥ ይሻግታል።

የመርካቶ ደንበኛ

ብጣሹ የማይበቃዎት ከሆነ እዚሁ ጅማ መርካቶ ልባሽ ጨርቅ ተራ ገብተው ትልልቅ የወንድ ሸሚዞችን ይፈልጉ። ጀርባቸው አንድ ወጥ ሰፊ ጨርቅ ስለሆነ ለገበር ከዚያ የተሻለ አይገኝም፤ ቁልፋቸውም ይተርፍዎታል። ለቀሩት ዘመዶች የቡና ጆንያ ገበር አግብተው የገበያ ቦርሳ ይስፉ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ቦርሳ የማይፈልግ ሰው የለም። የቃጫ ጆንያ ሲርስ ጉልበቱ ስለሚቀንስ እጀታውን ከጂንሱ ያድርጉት፤ ሸክሙን ገበሩ እንዲሸከምም የእጀታውን ጫፍ እስከ ታች አውርደው ይስፉት።

በረንዳው ልብስ ሰፊ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከብጣሽ መሠራቱን ለመደበቅ አይሞክሩ። ጎረቤትዎ የሰጡዎት መሆኑን ለአማትዎ ቢነግሯቸው ሌላ ወሬ የሚያወራ አይኖርም።

የጅሬኗ

ማቶቱን ወስኛለሁ፤ ለአራሷም ገላ ማድረቂያውንና የለሃጭ መቀበያውን። የማቶቱ ቀዳዳ ስፋት ስንት ይሁን?

እመ ብዙኃን

ጀበና ሁሉ አንድ መጠን ስለሌለው ቁጥር ልነግርዎት አልችልም። ቀዳዳው ከጀበናው ሆድ ጠበብ ብሎ ቂጡን ማስገባት አለበት፤ ከሰፋ ጀበናው ይወርድና መሬት ይነካል። በሚቀጥለው ቡና ላይ ዕቃውን እኔ ልጠብ ብለው ይነሡና ቂጡን በክር ዙሪያውን ይለኩት፤ አማትዎም አይጠረጥሩም።