ሎንዶን–ቶኪዮ፦ 9,590 ኪሎ ሜትር ለምን 14 ሰዓት ይፈጃል?

ጥያቄ
የርቀት ማስያው ከሂትሮው (የሎንዶን አውሮፕላን ማረፊያ) እስከ ሃኔዳ (የቶኪዮ) 9,590 ኪ.ሜ.፣ በረራው ደግሞ 11 ሰዓት ከምናምን ነው ይለኛል። ትኬቱ ላይ ግን መሄጃው 14 ሰዓት ገደማ ነው፣ መመለሻውም ይብሳል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ስለካው 11,300 አካባቢ መጣ። የትኛውን ልመን? በእጅ ማስላትስ ይቻላል?

መልስ 1
ርቀቱ 9,590 ነው። ግሎብ ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ቢወጥሩ ክሩ ወደ ሰሜን ወጥቶ በሳይቤሪያ ላይ ያልፋል፤ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። የማስመሪያው መስመር ቀጥ ያለ ቢመስልም በሉሉ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

በእጅ ለማስላት የሂትሮው ኬክሮስ 51.47 ሰሜን፣ የሃኔዳ 35.55 ሰሜን ነው። ሂትሮው ከዜሮ ኬንትሮስ 0.45 ወደ ምዕራብ፣ ሃኔዳ 139.78 ወደ ምሥራቅ ስለሆኑ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም፦ 140.23። የኬክሮሶቹን ሳይን ያባዙ፤ 0.4548 ይመጣል። ኮሳይኖቻቸውን ደግሞ እርስ በርስ፣ ከዚያም በ140.23 ኮሳይን ያባዙ፤ −0.3895። ድምሩ 0.0653 ነው። የዚህ ተገላቢጦሽ ኮሳይን (ካልኩሌተሩ ላይ cos⁻¹) 86.26 ዲግሪ ይሆናል፤ አንዱ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ በሚይዘው 111.2 ኪ.ሜ. ሲባዛ 9,590 ገደማ ይሰጣል። መልሱ የማይመስል ቁጥር ከሆነ ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፋንታ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

መልስ 2
የሰዓቱን ልዩነት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ማስያው ርቀቱን በሰዓት 900 ኪ.ሜ. ያካፍላል፤ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል፣ አለቀ። ነፋስንም የተዘጋ ሰማይንም አያውቅም።

ሩሲያ ከፈረንጆቹ 2022 የካቲት ጀምሮ ሰማይዋን ለእንግሊዝ፣ ቀጥሎም ለሌሎች ብዙ አገሮች አየር መንገዶች ስለዘጋች ክሩ የሚያሳየው መንገድ ለእነሱ የለም። ወደ ቶኪዮ የሚሄደው አውሮፕላን በቱርክና በካውካሰስ አድርጎ፣ ካስፒያንን ተሻግሮ፣ በካዛክስታንና በቻይና ላይ ይበራል። በመመለሻው ጄት ስትሪም የሚባለው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ከፊት ይመጣል። በሰዓት የ100 ኪ.ሜ. ተቃራኒ ነፋስ ፍጥነቱን ከ900 ወደ 800 ሲያወርደው ያው 9,590 ኪ.ሜ. 12 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለመሸሽ አንዳንድ በረራዎች ከቶኪዮ ወደ ምሥራቅ ተነስተው በአላስካ፣ በግሪንላንድና በአይስላንድ በኩል ሎንዶን ይገባሉ። መንገዱ ከ12,000 ኪ.ሜ. ይበልጣል፤ ነፋሱ ግን ከፊት አይገፋቸውም።

ጥያቄ (በድጋሚ)
ገባኝ። ታዲያ መመለሻው 09:40 ተነስቶ በዚያው ቀን 16:20 የሚደርሰው እንዴት ነው? ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

መልስ 3
ሁለቱም ሰዓቶች የየከተማቸው ናቸው። ጃፓን ሰዓቷን በፈረንጆቹ በጋ (በእነሱ የሙቀት ወራት) አትቀይርም፣ እንግሊዝ ትቀይራለች፤ ስለዚህ ልዩነቱ በፈረንጆቹ ክረምት 9፣ በበጋቸው 8 ሰዓት ነው። በበጋቸው ከሆነ 6፡40 ላይ 8 ይደምሩ፤ 14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። በመሄጃው ይቀንሳሉ፦ 13:00 ተነስቶ በማግስቱ 10:40 የሚደርስ፣ 21፡40 ሲቀነስ 8፣ 13 ሰዓት ከ40። ትኬት ላይ ያለው ጊዜ አውሮፕላኑ ከበሩ ከሚላቀቅበት እስከ መድረሻው በር ድረስ ስለሆነ መሬት ላይ የሚሽከረከርበትንም ይጨምራል። አየር ላይ የሚቆየውን ብቻ ከፈለጉ የዚያኑ የበረራ ቁጥር ያለፈ ሳምንት መዝገብ መከታተያ ገጾች ላይ ይዩ፤ የአንድ ቀን አይበቃም፣ ነፋሱ ከቀን ቀን ይለያያል።