የተዳቀለ፣ ዲቃላ፣ ልውጥ፤ የጎማ ዛፉ የቱ ነው?

የሰበታ ልጅ፦
ቅዳሜ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ ልገዛ ቆሜ ነበር። ሻጩ አቮካዶውን አንስቶ «የተዳቀለ ነው፣ ቶሎ ያፈራል» አለ። አጠገቤ የነበሩ እናት ደነገጡ። «ኧረ ልጄ፣ ዘሩን የነካኩትን አልፈልግም፣ ያገሬን ስጠኝ!» ልጁ ቢምል ቢገዘት አላመኑትም።
እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለ ጎማ ዛፍ ሳነብ ነው የከረምኩት። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ፣ አሳም ላይ፣ በቤተ ሙከራ ዘረመሉ የተለወጠ የጎማ ዛፍ ለሙከራ ተተክሏል። ይሄስ «የተዳቀለ» ይባላል?

ሆሄ ቆጣሪ፦
አይባልም። እናትየውም ልጁም ግን አልተሳሳቱም። ጥፋቱ የቃሉ ነው፣ ሦስት ሥራ ደርቦ ይዟል። አንደኛው የድሮው ነው፤ አህያና ፈረስ ተዳቅለው በቅሎ ይወለዳል። ሁለተኛው የችግኝ ጣቢያው ነው፤ የአንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ መቀጠል። እዚህ ላይ ዘር አይነካም፣ ሁለቱ ተጣብቀው ይኖራሉ እንጂ አይቀላቀሉም። ሦስተኛው ከዜና የመጣው የቤተ ሙከራው ነው። እናትየው የሰሙት ሦስተኛውን፣ ልጁ የሸጠው ሁለተኛውን።
«ዲቃላ» ስድብ ስለሆነም ነው ሰው የሚደነግጠው። እኛ ፊደል ወዳጆች ግን ቈ፣ ኰ፣ ጐን «ዲቃላ ፊደላት» እያልን ማንም አይቀየመንም!

ችግኝ አዳቃይ፦
እንጀራዬ ስለሆነ ልግባ። የጎማ እርሻ ላይ ያሉት ዛፎች ራሳቸው በብዛት በእኛ ቋንቋ «የተዳቀሉ» ናቸው። የምርጡን ዛፍ እምቡጥ ከሌላ ግንድ ላይ ያጣብቁታል። በመጀመሪያው ትርጉም፣ አባትና እናት መርጦ ማዳቀልም አለ፤ ግን ያንገላታል። አንድ ዛፍ ተተክሎ ጎማ የሚሆነው ወተቱ እስኪወሰድ ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። መልካም ይሁን መጥፎ የምታውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ ሙከራ የተገባውም ለዚህ ነው።
የአሳሙ ደግሞ ይለያል። የጨመሩለት ዘረመል የራሱ የጎማ ዛፉ ነው። ከእሱው ወስደው፣ አባዝተው መለሱለት። ለጋው ችግኝ የአሳምን ብርድ ችሎ እንዲያድግ ነው፤ ቶሎ ካደገ ለወተት ቶሎ ይደርሳል። እና ሌላ ወላጅ የት አለና ነው ዲቃላ የሚባለው?

የሰበታ ልጅ፦
ታዲያ ምን እንበለው?

ሆሄ ቆጣሪ፦
የመንግሥት ቃል አለ፣ «ልውጠ ሕያው»። ትክክል ነው፣ ግን ገበያ ላይ ማን ይለዋል? አፍ ላይ ይከብዳል። እኔ «ዘረ ልውጥ» ብዬዋለሁ፤ ካልጣማችሁ ተዉት።
ይልቅ «የጎማ ሙጫ» የሚሉትን አርሙልኝ። ሙጫ ሌላ ነው፣ እንደ ዕጣን ከቁስሉ ላይ የሚደርቅ። የጎማ ዛፍ የሚሰጠው ወተት ነው። ከልጡ ውስጥ በራሱ ቧንቧ ይሄዳል፣ ሲሦው ገደማ ጎማ ነው። አጥራችን ላይ ያለውን ቁልቋል ስበሩትና እዩ። ዘመዱ ነው፣ ጉሎም እንዲሁ።

የሰበታ ልጅ፦
ልጅ ሆነን «ዓይን ያጠፋል» እያሉ ያስፈራሩን ወተት! ታዲያ ዛፉ «ይታለባል» ልንል ነው?

ችግኝ አዳቃይ፦
ለምን አንልም? ልጡን በስሱ የሚፍቁት እንደ ላም በማለዳ ነው፣ አየሩ ሳይሞቅ ወተቱ በደንብ ስለሚወርድ። ብቻ ባለቤቱ «ታለብኩ» እንዳይል፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

የሰበታ ልጅ፦
እናትየውን ደግሜ ባገኛቸው «የተቀጠለ ነው» ልበላቸው?

ሆሄ ቆጣሪ፦
«እንደ ፀጉር የተቀጠለ» በላቸው፣ ቶሎ ይገባቸዋል። ቅጥል ካላሉብህ።