ቢግ ባንግ የአምላክን መኖር ያረጋግጣል እንዴ?

ግራ_የገባው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ክርክር ይዘናል። እሱ አማኝ ነው፣ እኔ መሀል ላይ ነኝ። "ዩኒቨርስ መነሻ ካለው ያስነሳው አለ፣ ሳይንስም በቢግ ባንግ ይህንኑ አምኗል" ይለኛል። "ታዲያ እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?" ስለው ይስቅብኛል። እውነት ጥያቄዬ ይሄን ያህል የሚያስቅ ነው? ስድብ ያማረው ባይመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ኮከብ_ቆጣሪ_ያልሆነ፦
አያስቅም፣ ግን አይነካውም። እሱ "መነሻ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው" ነው ያለው፤ አምላክ ደግሞ በእሱ እምነት መነሻ የለውም። ይልቅ ሌላ ቦታ ያዘው። ቢግ ባንግ የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው ያለው ማነው? ሳይንሱ የሚለው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዩኒቨርስ እጅግ የታመቀና የጋለ እንደነበረ፣ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ እንደመጣ ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ "በፊት" የሚባል ነገር ራሱ ነበር ወይ ለሚለው እስካሁን ቁርጥ ያለ መልስ የለም። የሚገርመው ደግሞ የሐሳቡ ጀማሪ ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ግኝቱን ከፍጥረት ጋር አያይዘው ሲናገሩ ያልተመቸው እሱው ነው። ቄስ ሆኖ!

አማኝ_ነኝ፦
እኔም ከለሜትር ጋር ነኝ። እምነቴን ፊዚክስ ላይ ባቆም፣ ነገ ቲዎሪው ሲቀየር ምን ልሆን ነው? ኒውተን እንኳ ፕላኔቶች ከመስመር እንዳይወጡ አምላክ አልፎ አልፎ ያስተካክላቸዋል ብሎ ነበር፤ በኋላ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ መጥቶ በስበት ሕግ ብቻ ለማብራራት ሞከረ፣ ብዙም ተሳካለት። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው፦ ምንም ነገር ከማይኖር ይልቅ ለምን ነገር ኖረ? ይህን የትኛውም ሙከራ አይመልሰውም።

ማስረጃ_አምጣ፦
ወንድሜ፣ ይሄ ማምለጫ ነው። ጸሎት ይፈውሳል ስትሉ እኮ አምላክ እዚሁ ዓለም ላይ ይሠራል እያላችሁ ነው፣ ያ ደግሞ ይለካል። ተለክቷልም። አሜሪካ ውስጥ 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። የተጸለየላቸው ካልተጸለየላቸው አልተሻሉም። እንዲያውም እንደሚጸለይላቸው በእርግጠኝነት የተነገራቸው ላይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው ችግር በዝቶ ነው የተገኘው። ውጤቱ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ "አምላክ አይፈተንም" የሚል አማኝ ይገኝ ነበር?

አማኝ_ነኝ፦
እውነቱን ለመናገር አይገኝም ነበር፣ በየቦታው ነበር የምንለጥፈው። ግን እሱ ጥናት ላይ የጸለዩት ሰዎች ታካሚዎቹን አያውቋቸውም፤ የተሰጣቸው ስምና የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። "ያልተጸለየላቸው" ለተባሉትስ ቤተሰባቸው አልጸለየም? ጸሎት እኮ ስትጫነው የሚበራ መብራት አይደለም።

ማስረጃ_አምጣ፦
የቤተሰቡን ነገር እቀበላለሁ፣ ጥሩ ነጥብ ነው። እሺ፣ ምን ብታይ ነው "ተሳስቼ ነበር" የምትለው? ምንም የለም ካልክ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አማኝ_ነኝ፦
ያለኝን ልንገርህ። ቢግ ባንግም ዝግመተ ለውጥም እንቅልፍ ነስተውኝ አያውቁም። ካንሰር የያዘው የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ይነሳኛል። እምነቴ አንድ ቀን ከተናጋ በዚያ በኩል ነው።

ማስረጃ_አምጣ፦
በል ለእሱ አዲስ ርዕስ ክፈትበት፣ እመጣለሁ። "የሰው ነጻ ፈቃድ ነው" የምትለዋን መልስ ብቻ እንዳታመጣ፣ ካንሰር ላይ አትሠራም።