የሌላው አገር ሙቀት ጎጃም የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ጤና ይስጥልኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የአየር ንብረት ለውጥን ድንበር እንደማያግደው ሳስተምር አንድ ተማሪዬ «የእኛን ጤፍ ከዐረብ በረሃ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሰጠሁት መልስ ለራሴም አላጠገበኝም። ተማሪዎቼ ከኑሯቸው ጋር የሚያያይዙት ምሳሌ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
መምህር፣ ልጁ ያነሣው በረሃ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. መኩኑና ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች ከዐረብ ባሕር ተነሥተው በደቡባዊው የዐረብ በረሃ ከባድ ዝናብ አወረዱ። አሸዋው ረጥቦ ሣር ሲያበቅል አንበጣው ሰው በማይደርስበት ስፍራ ተራባ፤ ከዚያም በየመን በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻግሮ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወሎን ማሽላና ጤፍ ለአጨዳ ሲደርስ አጠፋው። ባሕሩ በሞቀ መጠን እንዲህ ያለው ማዕበል ይበረታል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልኩ በላይ የሚሞቅበት ኤልኒኞም በ2007 ዓ.ም. ከዚያው ተነሥቶ የብዙ አካባቢዎቻችንን ክረምት አጓድሏል፤ ነገር ግን ኤልኒኞ በራሱ የተፈጥሮ ዑደት ስለሆነ ከአየር ንብረት ለውጥ ለይተው ቢያስተምሩት መልካም ነው።

መልስ፣ ከደጀን፦
በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ። ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ልጆቹ እኛን ተቀባይ ብቻ አድርገው እንዳያስቡ እሰጋለሁ። የጨሞጋና የሙጋ ወንዞች ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ዐባይ ይገባሉ። ቁልቁለቱ ያለ እርከን ሲታረስና ዝናቡ ለሳምንታት ጠፍቶ በአንድ ቀን ሲወርድ፣ ገበሬው ልጆቹን የሚያሳድግበት አፈር ታጥቦ ይሄዳል። ይህ አፈር በሱዳን የሮሰሪስን ግድብ ለዐሥርት ዓመታት በደለል ሲሞላ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ አብዛኛው በራሳችን የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዐባይ ውሃ ካርቱም ላይ ከልኩ አልፎ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ስታውጅ፣ የሞላው ውሃ በእኛ ተራሮች ላይ የዘነበው ክረምት ነበር። ጮቄ ላይ የሚሠራ እርከን የባለማሳውን አፈር ያስቀራል፤ ጎርፉንም በመጠኑ ያዘገያል። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ስለዚህ ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐምሌ ላይ ልጆቹን ጨሞጋ ወስጄ ውሃውን በጠርሙስ ቀድተን እናሳድረዋለን፤ በማግሥቱም የዘቀጠውን አፈር በማስመሪያ እንለካለን። በእርከን ሥር ከሚወርድ ምንጭም ቀድተን ለማወዳደር የሚሆን ቅርብ ቦታ ካወቁ፣ የደጀኑ ወንድሜ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።