ራኬቱን ልቀይር ወይስ ክሩን? (አዳማ)

የሚኪ አባት (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ቴኒስ እጫወታለሁ። ቤት ውስጥ ሦስት ራኬት አለ፤ ሁሉንም በአንዴ ለመቀየር አቅሙ የለኝም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ስላለ ግን ምን እንደማስመጣ በዚህ ሳምንት መንገር አለብኝ።
አንደኛው ካርቦን ነው፦ ያለ ክር 300 ግራም፣ ጭንቅላቱ 100 ስኩዌር ኢንች፣ ክሩ 16 የቁም በ19 የአግድም። ሰባት ዓመቱ ነው። የተወጠረበት ክር ውፍረቱ 1.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊስተር ሲሆን ከተወጠረ 14 ወር አልፎታል። ኳሱ መስመር እያለፈ ያስቸግረኛል፤ ክርኔንም ከውጭ በኩል ያመኝ ጀምሯል።
ሁለተኛው የዚያው ሞዴል ነው፣ ያገለገለ የተገዛ። ኳስ በመታሁ ቁጥር ዝዝ ይላል። አንገቱ ላይ ቀጭን መስመር አለ፤ የቀለም ይሁን የስንጥቅ አልለየሁትም።
ሦስተኛው የልጄ ነው፦ አልሙኒየም፣ 27 ኢንች። ልጁ 12 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ45።
«ካርቦን አምስት ዓመት ካለፈው በድን ነው፣ ጣለው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

ክር ወጣሪው፦
የሚኪ አባት፣ ገና ምንም አታስመጣ። የአንደኛው ራኬትህ ፍሬም በሕይወት አለ፤ የሞተው ክሩ ነው። ናይሎን ሲያረጅ ይሳሳል፣ ይበጠሳል፣ ማለቁን ራሱ ይነግርሃል። ፖሊስተር ግን ሳይበጠስ ነው የሚሞተው። መለጠጡን ጨርሶ እንደ ሽቦ ድርቅ ይላል፤ አንዱን ኳስ ይወረውረዋል፣ ሌላውን መረብ ላይ ይጥለዋል፣ ንዝረቱን ደግሞ ክርንህ ይቀበላል። አንተ በምትጫወተው ልክ ፖሊስተር ሁለት ሦስት ወር ቢያገለግል ነው። ናይሎን ከሆነ በሳምንት የምትጫወትበትን ቀን ያህል ጊዜ በዓመት ይቀየራል፤ ለአንተ ሦስቴ፣ እሱም ትንሹ።
ራስህ አረጋግጥ። መሃል ካሉት የቁም ክሮች አንዱን በጣትህ ወደ ጎን ገፋ አድርገህ ልቀቀው። ደህና ክር ጠቅ ብሎ ቦታው ይመለሳል፤ የሞተው የተገፋበት ይቀራል። ገፋ እንዳደረግከው ደግሞ ከአግድሙ ክር ጋር የሚተሻሽበትን ቦታ እይ። ጎድጉዶ ግማሹ ድረስ ከተበላ አበቃለት።
ስትቆርጠው ከአንድ ጫፍ አትጀምር። ከመሃል ጀምረህ አንድ ከቁሙ፣ አንድ ከአግድሙ እያልክ ወደ ዳር ውጣ። አንደኛው ወገን ላልቶ ሌላው እየሳበ ከቆየ ፍሬሙ ይጣመማል። በጨዋታ መሃል አንድ ክር ሲበጠስም ያው ነው፤ ቀሪውን እዚያው ቁረጠው እንጂ ቦርሳ ውስጥ ከተህ ቤት አትውሰደው። ትንሽ መቀስ ያዝ።
በምትኩ 1.30 መልቲፊላመንት (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ) ናይሎን አስወጥር፣ ውጥረቱ 24 ኪሎ። ማሽኑ በፓውንድ ከሆነ 53 በላቸው። በማግስቱ የላላ ቢመስልህ አትደንግጥ፤ ማንኛውም ክር በመጀመሪያው ቀን አሥር በመቶ ገደማ ይለቃል። አንድ ራኬት 12 ሜትር ይበላል፤ የ200 ሜትር ጥቅል 16 ራኬት ይወጥራል። አራት ሆናችሁ ብትገዙት ለያንዳንዳችሁ አራት አራት ይደርሳችኋል፣ የዓመት ቀለብ ማለት ነው። የሚመጣው ሰው ከራኬት ይልቅ ይህን ቢይዝልህ እመርጣለሁ።

ሲሚንቶ ሜዳ፦
ክሩ ላይ እስማማለሁ። ግን ኳሱ መስመር የሚያልፈው በክሩ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የምትጫወቱበት ኳስ ምን ዓይነት ነው? አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ለብቻው የተሠራ ኳስ ይፈቅዳል፤ ቆርቆሮው ላይ «ሃይ አልቲቲዩድ» ይላል። ተራው ኳስ ውስጥ ያለው አየር የተለካው ለቆላ ነው። እዚህ ውጭ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ኳሱ ከውስጥ ይነፋል፣ አብዝቶ ይነጥራል፤ በአየር ላይ ሲሄድም የሚገታው ያንሳል። ሰው ራኬቱን የሚረግመው ኳሱ ባጠፋው ነው።
መለኪያው ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሦስት መስመር አስምር፦ 2 ሜትር ከ54፣ 1 ሜትር ከ47፣ 1 ሜትር ከ35። ኳሱን ከላይኛው መስመር ሳትገፋ ልቀቀውና በስልክህ ስሎው ሞሽን ቅረጸው፤ የምትለካው የኳሱን ታች ነው። በደንቡ የተራ ኳስ ንጥረት በሁለቱ ታችኛ መስመሮች መሃል ነው። ከ1.47 ካለፈ ለአዳማ በዝቷል። የከፍታ ቦታ ኳስ ቆላ ሲለካ ከ1.22 እስከ 1.35 ብቻ እንዲነጥር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ እዚህ ሲመጣ ነው ልኩን የሚይዘው።
ኳሱን ማግኘት ካልቻልክ የክሩን ውጥረት በአንድ ኪሎ ከፍ አድርግ።

ፊዚዮዋ፦
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይዝለሏት፣ የሚኪ አባት። ክርኑ የሚያመው ሰው ውጥረት ሲጨምር በሽታውን እያጠበቀ ነው። መጀመሪያ ኳሱን፣ ከዚያ ክሩን፤ ውጥረቱ 24 ላይ ይቆይ። ሕመሙ ክሩ ከተቀየረ በኋላም ሁለት ሦስት ሳምንት ከዘለቀ፣ ወይም ሲኒ ሲያነሱ የሚሰማዎት ከሆነ፣ ጨዋታውን አቁመው ይመርመሩ።
ፍሬም መቀየር ግድ ከሆነም ዕድሜውን ሳይሆን ግትርነቱን ይጠይቁ። ሻጮች አር ኤ የሚሉት ቁጥር አለ። ከ68 በላይ የሆነ ለታመመ ክርን አይሆንም፤ ከ60 እስከ 65 ያለውን ይፈልጉ። ቀላል ራኬት እጅ ያሳርፋል የሚባለውም ስህተት ነው። በጣም የቀለለ ራኬት ከኳሱ ጋር ሲጋጭ ይገፋል፣ ግጭቱ ወደ ክንድ ያልፋል። ያለ ክር 300 ግራም ለርስዎ ልክ ነው።
አንድ ያልጠየቁትን ልጨምር፦ የእጀታው ውፍረት። በሚመቱበት እጅ መዳፍ መሃል ከሚያልፈው አግድም መስመር እስከ ቀለበት ጣትዎ ጫፍ በማስመሪያ ይለኩ። 105 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤል 1፣ 108 ኤል 2፣ 111 ኤል 3 ነው። በሁለቱ መሃል ከሆነ ትንሹን ይያዙ፤ አንድ ኦቨርግሪፕ (እጀታው ላይ የሚጠቀለል ስስ መደረቢያ) ዙሪያውን ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ያሳድገዋል፣ የወፈረውን መሞረድ ግን ሥራ ነው። ቀጭን እጀታ እንዳይዞር አብዝተው ይጨብጡታል፤ ክርን የሚታመመው በዚያ ጭበጣ ነው። በአዳማ ሙቀት ላብ የጠጣ አሮጌ ግሪፕም ያንኑ ያደርጋል።

ጋሽ ስላይስ፦
ልጆች፣ ካርቦን ይደክማል። እነዚያ በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው በየጊዜው የሚቀይሩት ለቅንጦት ነው? ሰባት ዓመት በዛ። አዲስ ይግዛ!

ክር ወጣሪው፦
ጋሼ፣ መድከሙ እውነት ነው፤ ፍጥነቱ ላይ ነው የምንለያየው። ካርቦኑን የሚያላላው በዋናነት መመታትና መወጠር ነው። ባለሙያው በየቀኑ ለሰዓታት እየመታ፣ በየጨዋታው አዲስ ክር ያስወጥራል፤ አንድ ፍሬም በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ማሽን ላይ ሊወጣ ይችላል። የሚኪ አባት በዓመት ሦስቴ ቢያስወጥር በሰባት ዓመት 21 ነው፤ እንደ ነገሩን ደግሞ ያን ያህልም አላስወጠረም። ፍሬሙ ላልቶ ቢሆን ኖሮ ኳሱ ያጥርበት ነበር እንጂ መስመር አያልፍበትም።
እኔ ፍሬም ይቀየር የምለው ስንጥቅ ሲኖር፣ ቅርጹ ሲጣመም፣ የላይኛው መከላከያ ፕላስቲክ አልቆ ካርቦኑ ሲሚንቶ ሲፍቅ፣ ወይም ተጫዋቹ ራሱ ሲለወጥ ነው። ረጅም ማወዛወዝ የጀመረ ሰው የ110ን ጭንቅላት ትቶ ወደ 100 ወይም 98 ቢወርድ ይገባኛል። ልደቱን ቆጥሮ የሚቀየር ራኬት ግን አላውቅም።

ጋሽ ስላይስ፦
እሺ ይሁን። መኪና ውስጥ የሚተውትን ግን ንገራቸው።

ክር ወጣሪው፦
ልክ ብለዋል ጋሼ። እኩለ ቀን ላይ የአዳማ ፀሐይ የሚመታው የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ራኬት አይቀመጥም። ክሩ ይለቃል፣ የግሪፑ ማስቲሽም ይፈታል።

ፖስታ ቤት ሰፈር፦
ወደ ሁለተኛው ራኬት እንምጣ። «ዝዝ» ሁሉ ስንጥቅ አይደለም። ከቀላሉ ጀምር፦ ክሩ ላይ የምትሰካውን የንዝረት ላስቲክ አውጣና ምታ። ቀጥለህ ክሩ የሚያልፍባቸውን የፕላስቲክ ቀዳዳዎች፣ ግሮሜቶቹን፣ አንድ በአንድ በጣትህ ነቅንቅ። ከዚያ የእጀታውን ክዳን ተጫን፤ ክዳኑን የያዘው ሽቦ ላልቶ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ራኬቱን ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው፤ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ የተሰበረ የፎም ወይም የማጣበቂያ ፍርፋሪ ነው፣ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም።
እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ መስመሩን መርምር። በአልኮል ጠርገህ አድርቅ። ጥፍርህን በመስመሩ ላይ አግድም ጎትት። የቀለም መሰንጠቅ ጥፍር አይዝም፣ ወይም ልጦ ከሥሩ ሌላ ቀለም ያሳይሃል። የካርቦን ስንጥቅ ጥፍር ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም ጠርዙን ታጥፎ ወደ ጎን ይዞራል። የእስክሪብቶ ቀለም ቀብተህ ወዲያው ጥረገው፤ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከቀረ ቀጣዩን አድርግ፦ በሁለት አውራ ጣቶችህ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ተጫን። ከተንቀሳቀሰ ወይም ሲጥ ካለ ተሰንጥቋል።
አንተ ደግሞ ዕድለኛ ነህ፣ መንትያው እጅህ ላይ ነው። የሁለቱንም ጭንቅላት ከውስጥ በኩል ወርዱንና ቁመቱን በሜትር ለካ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ አንዱ ተጣሟል። ወርቅ ቤት ወስደህም አስመዝናቸው፤ ከሱቅ ሚዛን የወርቁ ይታመናል።
የተሰነጠቀን አታስወጥር። 35 ክር ነው፣ እያንዳንዱ በ24 ኪሎ ይሳባል፤ ማሽኑ ላይ ሳለ ቢታጠፍ የሰውየውንም መሣሪያ ያበላሻል።

ሲሚንቶ ሜዳ፦
የልጁን ማንም አላነሳውም። 1 ሜትር ከ45 ለሆነ ልጅ 27 ኢንች ረጅም ነው፤ 26 ነው የሚሆነው፣ ከ240 እስከ 260 ግራም ገደማ። ምልክቱ ይታያል፦ እጁ እጀታው መሃል ይይዛል፣ ሰርቪስ ሲመታ ክርኑ አይዘረጋም። አልሙኒየሙን ደግሞ አንገቱ ጋ ያለውን የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ነቅንቅ፤ ከላላ ጥገና የለውም። 1 ሜትር ከ55 ሲደርስ ወደ ቀላል 27 ይሻገራል። «ያድግበታል» ተብሎ ጫማ ይገዛ እንደሆነ እንጃ፣ ራኬት ግን አይገዛም።

የሚኪ አባት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የታዘዝኩትን አደረግሁ።
የአንደኛው ክር ገፍቼ ባስቀመጥኩበት ቀረ፤ ጉድጓዱም ግማሽ ያልፋል። አዲስ የተከፈተው ኳስ 1 ሜትር ከ53 ነጠረ፣ ቆርቆሮው ላይ ስለ ከፍታ የሚል ነገር የለም። መዳፌ 108 ሆነ፣ የያዝኩት ኤል 2 ነው።
ሁለተኛው ራኬት ላይ የእስክሪብቶው ቀለም ቀረ፣ ስጫነው ግን አይንቀሳቀስም። ወርዱ ከአንደኛው በአንድ ሚሊ ሜትር ነው የሚለየው። የገረመኝ ክብደቱ ነው፦ ክርና አንድ አንድ ኦቨርግሪፕ እንዳላቸው አንደኛው 322 ግራም፣ ሁለተኛው 341። ታዲያ ይህ ደህና ነው ወይስ አይደለም?

ፖስታ ቤት ሰፈር፦
አይደለም። ፋብሪካ ከተጻፈው በ7 ግራም ቢያልፍ ወይም ቢያንስ የተለመደ ነው፤ አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ቢል እንኳ ልዩነቱ ከ14 አያልፍም። ያንተ 19 ነው። ግሪፑን ፈትተህ ክብደት ለመጨመር ከሥሩ የተለጠፈ የእርሳስ ብረት ፈልግ። እሱ ከሌለ አንገቱ ተሰብሮ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ተሞልቶ በላዩ ቀለም የተቀባ ሳይሆን አይቀርም፤ ስትጫነው የማይንቀሳቀሰውም ለዚያ ነው። ሁለቱንም በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አመዛዝናቸው፤ ሁለተኛው ሚዛኑ ወደ አንገቱ ቀርቦ ከተገኘ ጥርጣሬው ይበረታል።

የሚኪ አባት፦
ግሪፑ ሥር ምንም የለም። ሚዛኑ ወደ አንገቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቧል።

ክር ወጣሪው፦
እንግዲያው በሁለተኛው ራኬት ኳስ አትምታ። ለሚመጣው ሰው እንዲህ ጻፍለት፦ 200 ሜትር መልቲፊላመንት 1.30፣ ለልጁ 26 ኢንች፣ ቦታ ካለው የከፍታ ቦታ ኳስ። ለአንተ ሌላ ራኬት መግዛቱ ይቆይ፤ ክር ሲበጠስ አዲስ አበባ ልኮ ማስወጠሩ ቀናት ስለሚወስድ አንድ መጠባበቂያ ማስፈለጉ አይቀርም፣ ግን ያገለገለ ይበቃሃል፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ።
የተሰነጠቀውን ራኬት ክር ከመሃል ጀምረህ ቁረጥለት። ግሮሜቶቹንና የላይኛውን መከላከያ ግን አብረህ አትጣል። ያው ሞዴል ስለሆነ ለአንደኛው ልክ ይገባሉ፤ ለሰባት ዓመት ሞዴል መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርገህ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ግፋቸው፤ በብርዱ ከነቀልካቸው ይሰበራሉ።