የጃፓን ዕድገት የአሜሪካ ፈቃድ ወይስ የጃፓናውያን ሥራ?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ጃፓን በነሐሴ 1945 እጇን ስትሰጥ ታላላቅ ከተሞቿ ዐመድ ሆነው ነበር። በ1968 ግን ምዕራብ ጀርመንን ቀድማ ከአሜሪካ ቀጥሎ ትልቁን የገበያ ኢኮኖሚ ይዛ ተገኘች። ይህ የሆነው ከጦርነቱ የበላይ ሆና የወጣችው አሜሪካ ስለፈቀደች ነው ወይስ ጃፓናውያን ራሳቸው ስለሠሩ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተከራካሪ ሀ፦ እኔ የአሜሪካ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ። ከሽንፈቷ በኋላ ጃፓንን የገዛው የአሜሪካዊው ጄኔራል ማካርተር አስተዳደር በመጀመሪያ የያዘው ዕቅድ ጃፓን ዳግመኛ እንዳትዋጋ አቅሟን ማዳከም ነበር፤ እነ ሚትሱቢሺንና ሚትሱይን የመሳሰሉ ግዙፍ የንግድ ቡድኖችን መበታተን የተጀመረውም ለዚሁ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ሲጠናና የቻይና ኮሚኒስቶች ወደ ድል ሲቃረቡ ግን ዋሽንግተን በእስያ ጠንካራ አጋር አስፈለጋት። የመበታተኑ ሥራ ላላ፣ በ1949 የምንዛሪው ተመን ለአንድ ዶላር 360 የን ሆኖ ተወሰነ፣ የአሜሪካም ገበያ ለጃፓን ዕቃ ተከፈተ። ቶዮታን እንመልከት። በ1950 ኩባንያው በዕዳ ተጨንቆ ሠራተኛ ሲቀንስ አድማ ተነሣበት፤ መሥራቹ ኪቺሮ ቶዮዳም በሰኔ ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪኖችን አዘዘ። ለኩባንያው ነፍስ የዘራበት ይህ ትእዛዝ ነው።

ተከራካሪ ለ፦ ወንድሜ ስለ ቶዮታ ያነሡት እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው። ከኮሪያው ጦርነት በፊት ኩባንያውን ከመዘጋት ያተረፈው በጃፓን ባንክ የናጎያ ቅርንጫፍ አስተባባሪነት የተገኘው የባንኮች ብድር ነው። ትእዛዙ መምጣቱ ዕድል ሊባል ይችላል፤ የታዘዘውን ሠርቶ የሚያስረክብ መሐንዲስና ባለሙያ መኖሩ ግን የብዙ ዘመን ሥራ ውጤት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ተጉዘው ያደነቋት፣ የዘመኑ ምሁራኖቻችንም አርአያ ያደረጓት፣ አሜሪካ ከመግዛቷ አስቀድሞ ነበር።

የአሜሪካ ፈቃድ ብቻውን የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ፊሊፒንስ ከጃፓን ወደ ኋላ ባልቀረች ነበር። በ1946 ነፃ ስትወጣ የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች በምድሯ ነበሩ፤ ምርቷም ለዓመታት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር። ልዩነቱ እኔ እስከሚገባኝ በዋነኛነት የመሬት ጉዳይ ነው። በፊሊፒንስ ሰፋፊ ይዞታ ያላቸው ቤተሰቦች እንደተከበሩ ቀሩ። በጃፓን ግን ከእርሻ መሬቱ ግማሽ የሚጠጋው የሚታረሰው በጭሰኛ ሆኖ ሳለ፣ በ1946 በወጣው ሕግ በመንደሩ የማይኖር ባለመሬት መሬቱን በሙሉ ለመንግሥት እንዲሸጥ ተገደደ፤ በመንደሩ የሚኖረውም፣ ከሰሜናዊቷ ደሴት ከሆካይዶ በስተቀር፣ ሊያከራይ የሚችለው 1 ሄክታር ገደማ ብቻ ሆነ። ይህን በየመንደሩ ያስፈጸሙት ወታደሮች አልነበሩም፤ አምስት ጭሰኞች፣ ሦስት ባለመሬቶችና ሁለት የራሳቸውን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ያሉባቸው የተመረጡ ኮሚቴዎች ነበሩ። የዋጋ ንረቱ የየንን አቅም ስላዳከመው ገበሬው ዕዳውን ቶሎ ከፍሎ ጨረሰ፤ የባለመሬቱ ካሳ ግን ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ይህም በደል እንደነበረ አልክድም። ሆኖም በ1950 በጭሰኛ የሚታረሰው መሬት ወደ 10 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ትርፉ በእጁ የቀረለት ገበሬም ልጁን አስተማረ፣ የፋብሪካዎቹም ደንበኛ ሆነ። በእኛ አገር የ1975ቱ አዋጅ መሬቱን የሕዝብ ሀብት ሲያደርገው፣ በጃፓን ግን ለአራሹ በስሙ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንደተሰጠው ልብ ይሏል።

ተከራካሪ ሐ፦ ተከራካሪ ለ አንድ ነገር ዘለሉ። የጃፓን መንግሥት በ1945 ማብቂያ ያዘጋጀው የመጀመሪያው ሕግ ለባለመሬቶች እስከ 5 ሄክታር ገደማ የሚተውላቸው ነበር፤ የማካርተር አስተዳደር በቂ አይደለም ብሎ ስለገፋ ነው ጠንካራው ሕግ የወጣው። የግብርና ሹማምንቱ ሐሳቡን አስቀድመው ይዘውት እንደነበር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የባለመሬቶቹን ተቃውሞ ለመስበር የሚበቃ ጉልበት በአገር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ለሥራው ዕውቀቱን ጃፓናውያን፣ ጉልበቱን ደግሞ ድል አድራጊው አመጡ ቢባል ወደ እውነቱ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ተከራካሪ መ፦ ሁላችሁም የአሜሪካን ጥበቃ ያለ ዋጋ እንደተገኘ ነገር አልፋችሁታል። ጃፓን በሳን ፍራንሲስኮው የሰላም ስምምነት በ1952 ሉዓላዊነቷን ስትመልስ በደቡብ ያለችው የደሴት ግዛቷ ኦኪናዋ እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ቀረች። ከአገሪቱ ቆዳ ስፋት 1 በመቶ በማይሞላው በዚህ ግዛት ላይ፣ የአሜሪካ ጦር በጃፓን ብቻውን ከሚጠቀምባቸው ይዞታዎች 70 በመቶ ገደማው እስከ ዛሬ ይገኛል። ቶኪዮ ለጦር ሠራዊት ያላወጣችውን ገንዘብ በፋብሪካና በትምህርት ላይ ማዋል የቻለችው በዚህ ጥበቃ ሥር ሆና ነው። የዋናው ደሴት ጭሰኛ የመሬት ባለቤት በሆነ ማግስት፣ በ1950ዎቹ፣ የኦኪናዋ ገበሬ በወታደርና በቡልዶዘር ከእርሻው እየተነቀለ መሬቱ ለጦር ሰፈር ይሰጥ ነበር። ተከራካሪ ለ ስለ መሬት ያቀረቡትን መከራከሪያ የምቀበለው ይህም አብሮ ከተቆጠረ ነው።